ቀይ የተቀባው ትራክተር

ትራክተር በበሬ ሲጎተት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከመልካሳ ወዲያ፣ አዋሽን ተሻግሮ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር ግቢ፣ በ1970 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ፣ በሬዎች ተጠምደው አንድ አሮጌ ትራክተር ዳገት ሲያወጡ ቆሜ አይቻለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የዚያን ዕለት አልሳቅኩም። ከበሬዎቹ ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ውስጥ የእህቴን ባል ውስጥ እግሩን እየገረፉት ነበር።

ስሜ ንዋይ ይባላል። ናዝሬት ፍራንኮ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ ቁጡ ነህ ይለኛል፤ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማይናገር ብረት ጋር ሲጨቃጨቅ የዋለ ሰው ማታ ለስላሳ ሊሆን አይችልም። ታናሽ እህቴ አማረች ግን እኔን አልወጣችም። ዝምተኛ ናት። ሰንበታ የሚባል የትራክተር ሹፌር አግብታ ገጠር ስትገባ "እዚያ በረሃ ምን ልትሆኚ ነው?" ብዬ ጮኽኩባት፤ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር ሰንበታን ወደድኩት። ያንን ትራክተር ከባለ መሬቱ ዘመን ጀምሮ የሚነዳው እሱ ነበር። መሬቱ ሲወረስ ትራክተሩ ተወረሰ፤ ሰንበታም አብሮ የተወረሰ ይመስል እዚያው መሪው ላይ ቀረ። ናዝሬት ሲመጣ ጋራዤ ውስጥ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የባትሪና የዲናሞን ነገር ይጠይቀኝ ነበር። "ሶዳ" ይለኛል፣ አማች ማለቱ ነው፤ እኔም "ሶዳ" እለዋለሁ። ከእህቴ ሁለት ልጆች ወልዷል።

አማረች በማለዳ በእህል መኪና ላይ ተጭና መጣች። ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ እንኳን ሰላምታ፣ ትንፋሿንም ሳትሰበስብ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ሰንበታን ሊገሉብኝ ነው" አለች።

"ማነው የሚገለው?"

"ጓድ ሰብስቤ።"

ሰብስቤ የማኅበሩ ካድሬ ነው። ስሙን ከእሷ አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የአብዮቱ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአውራጃ ሹማምንት የሰልፉን ዝግጅት ሊያዩ መጥተው ነበር አለችኝ። ሰብስቤ ባንዲራ ይዞ ትራክተሩ ላይ ቆመ። ገበሬው ተሰለፈ። ሰንበታ ቁልፉን ሲያዞር ትራክተሩ አንዴ "ጭ" ብሎ ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ዝም። ባትሪው ሞቷል። ከሹማምንቱ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሰብስቤ ባንዲራውን እንደያዘ፣ ያን ሁሉ ሳቅ ቆሞ ጠጣ።

"እነሱ እንደሄዱ 'ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው' አለ" አለች አማረች። "ባትሪ ሥራ ላይ እያለ በራሱ አይሞትም፣ ሰው ነው የገደለው አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ወንድሜ መካኒክ ነው፣ ይምጣና ይየው ብዬ ለመንኩት። 'ይምጣ። ችግሩ የማሽኑ ከሆነ ባልሽን ይዘሽ ግቢ። የሰው እጅ ካለበት ግን ርምጃ ይወሰዳል' አለኝ።"

በዚያ ዘመን ርምጃ ምን ማለት እንደነበር ያላወቀ ልጅ እንኳ አልነበረም። ጥይት ማለት ነው። ጥይቱም ሟቹ ላይ አያበቃም። ባለፈው ዓመት ከዚያው ማኅበር አንድ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ ሲገደል ቤቱ ታሽጎ፣ ሚስቱ ታስራ፣ ልጆቹ ሰው እንዳያስጠጋቸው ተነግሮ የሰው በረት ውስጥ ነው የከረሙት። አማረች ይህን አልነገረችኝም፤ ሁለታችንም ስለምናውቀው መናገር አላስፈለጋትም።

የሞላ ባትሪ አንድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፎች፣ ሁለት ሽቦ የቀጠልኩባት የሙከራ አምፑሌን ይዤ በመጣችበት መኪና አብረን ሄድን። እኔ ብቻ ሾፌሩን፣ መንገዱን፣ አቧራውን ስሳደብ ደረስኩ።

ግቢው በር ላይ ትራክተሩን ሳየው አላወቅኩትም። እኔ የማውቀው ሰማያዊ የእንግሊዝ ትራክተር ነው። አሁን ከኮፈኑ እስከ መቀመጫው፣ ከመብራቱ እስከ ጎማው ቸርኬ ድረስ ቀይ ሆኗል። ቀለሙ ገና ይሸታል። ብሎኖቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተቀብተዋል። ያልተቀባ ነገር ቢኖር ፔዳሎቹ ብቻ ናቸው፤ በእግር ሲፋቁ የኖሩ ነጭ ብረት።

ሰብስቤ ወጣት ነው። ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጡን ሰው እንዲያይለት ወደ ፊት አድርጎ ታጥቋል። አጠገቡ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጉተማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ሊቀመንበር ያደረጓቸው ሰው ስለሚያከብራቸው ነው፣ ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ ግን "እሺ ጓድ" ከማለት በቀር ሲናገሩ የሰማ የለም። በሬ ካራጁ ጋር ይውላል ይባል የለ።

"አንተ ነህ መካኒኩ?" አለኝ ሰብስቤ።

"ነኝ። መጀመሪያ ሹፌሩን ማነጋገር አለብኝ። ማሽኑ ምን ምን እንዳሳየው ካልነገረኝ አላውቅም።"

"አሻጥረኛ ነው የምታነጋግረው።"

"አሻጥረኛም ቢሆን ዓይን አለው።"

ትንሽ አየኝና ወደ መጋዘኑ በእጁ ጠቆመኝ። ራሱ ተከተለኝ።

ሰንበታን በሁለት የጆንያ ክምር መካከል ሰቅለውታል። እጁን ከጉልበቱ ጋር አስረው፣ በጉልበቱ ማጠፊያ አጣና አሳልፈው፣ ቁልቁል ዘቅዝቀውታል። ወፌ ላላ ይሉታል፤ ስም ማውጣት ያውቁበታል። ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ዞሯል። ቆዳው ተነስቶ ሥጋው ይታያል። አጠገቡ የአብዮት ጥበቃው ፈዬራ ቆሟል፤ የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፣ ሰንበታ ክርስትና ያነሳለት ልጅ አለው። በእጁ የያዘው መግረፊያ የትራክተሩ አሮጌ ቺንጋ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነበር። ያንን ቺንጋ ባለፈው ዓመት ሰንበታ ሲቀይር አዲሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"ሶዳ" አለኝ ሰንበታ። ፊቱ በደም ተነፍቶ ድምፁን ብቻ ነው ያወቅኩት።

"ሞተሩ ሲነሳ ምን ታያለህ?"

"የባትሪ መሙያው መርፌ አትንቀሳቀስም። ቀይዋ መብራት አትጠፋም። ዲናሞው ይዞራል፣ አይሞላም። ለበዓሉ ካዘጋጀነው ወዲህ ነው፤ በፊት..."

"በቃ!" አለ ሰብስቤ። ፈዬራን በዓይኑ ጠቀሰው። ገና ከበሩ ሳልወጣ ቺንጋው ሲያርፍ ሰማሁ። የሰንበታን ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። የጩኸት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሥራዬ ይኼው ነው፤ የማንም እጅ የሌለበት ብልሽት መፈለግ። ሰው ያልነካው፣ ሰው ያላበላሸው፣ ራሱ ማሽኑ የታመመው በሽታ። እንዲህ ያለ በሽታ እንዲገኝ ስለት ተሳልኩ። መካኒክ ለብልሽት ሲሳል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ባትሪውን እንደሞተ ተውኩት። የእኔን አስገብቼ ብጀምር ብልሽቱ የት እንዳለ ይሸፈንብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በሬ አስመጡ አልኳቸው። በሬዎቹ ትራክተሩን ዳገቱ ጫፍ አወጡት፤ እኔ መሪው ላይ ወጥቼ ቁልቁል ለቀቅኩት፤ ማርሽ ሳስገባለት ተንገጫግጮ ተነሳ። ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ባትሪ አይለምንም። ግቢው መሐል አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ሥራ ጀመርኩ።

ቺንጋው ውጥር ነው፣ አያንሸራትትም። የዲናሞውን ሁለቱን ሽቦዎች ነቀልኩና ጫፎቹን በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው፤ አንዱን የአምፑሌን ሽቦ እዚያ፣ ሌላውን ዲናሞው ገላ ላይ ሳሳርፍ አምፑሏ ቦግ አለች። ዲናሞው ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው። ከመጋዘኑ ጩኸት መጣ። ሽቦዎቹን መልሼ አስሬ እስከ ሬጉላተሩ ድረስ ተከተልኳቸው። ሬጉላተር ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል እየመጠነ ወደ ባትሪው የሚያሳልፍ ትንሽ ሳጥን ነው፤ እንደ ቦይ በር አስቡት። ኃይሉ እስከ በሩ ይመጣል። ከበሩ ወዲያ የለም። የተቆረጠ ሽቦ የለም። የላላ ብሎን የለም። ጩኸቱ ደግሞ መጣ፤ አሁን አጠር ብሏል፣ አቅም ያጣ ሰው ጩኸት ነው። አማረች ግቢው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ቶሎ በል!" አለኝ ሰብስቤ።

"ዝም ካላሰኘኸው አልሰማም! ማሽን በጆሮ ነው የሚሠራ!" ብዬ ጮኽኩበት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ግን ምን እንደታየው አላውቅም፣ ወደ መጋዘኑ ሄዶ "ቆይ" አለ። ግርፋቱ ቆመ። ቁጣዬ አንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ ብዬ አሰብኩ።

የሬጉላተሩን ክዳን ከፈትኩ። በሩ አልተከፈተም፤ ማለት ሁለቱ ጫፎች መነካካት ሲገባቸው ተለያይተው ቆመዋል። በጣቴ ጫን ሳደርጋቸው መርፌዋ ዘለለች፤ ስለቃቸው ተመለሰች። ራሳቸው እንዲነካኩ የሚያደርጋቸው ጥቅልል ሽቦ ኃይል አላገኘም። ኃይል የማያገኘው ደግሞ ከትራክተሩ ገላ ጋር ካልተገናኘ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለሻ ይፈልጋል፣ መመለሻው ብረቱ ነው። አንድ ሽቦ ወስጄ አንዱን ጫፍ ወደ ብረቱ በሚሄደው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሬጉላተሩ መቀመጫ ላይ አሳረፍኩ። ጠቅ! በሩ ተከፈተ። መርፌዋ ተነስታ ወደ መሙያው አዘነበለች። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

ሞተሩን አጥፍቼ ሬጉላተሩን ፈታሁት። ከሥሩ ቀለም ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ሁለት ጊዜ የተቀባ። ሬጉላተሩም ከጀርባው ተቀብቷል፤ የተቀመጠበት ብረትም ተቀብቷል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር ቀለም ገብቷል። ሰማያዊ ነገር እንዳይታይ ብለው እያንዳንዱን ዕቃ ነቅለው፣ ፊቱንም ጀርባውንም ቀብተው መልሰው አስረውታል። ብረት ከብረት ጋር የሚነካካበትን ቦታ ሁሉ በአብዮት ቀለም አፍነውታል። እንዲህ ያለ ነገር ጣሊያን ሲሠራ አላየሁም፣ እንግሊዝ ሲሠራ አላየሁም። ይህን የሚሠራ እኛ ብቻ ነን።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ "ቀለማችሁ ነው! ሰው የምትገርፉት ለቀለማችሁ ነው!" ብዬ ግቢውን በጩኸት ላናውጠው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ቀለም በራሱ እግር ሄዶ ትራክተር ላይ አይወጣም። የሰው እጅ ነው። እጁ ደግሞ የማን ነው? ትራክተሩን ፈትቶ መግጠም የሚችል በዚያ ግቢ ከሰንበታ በቀር ማንም የለም። ያዘዘው ሰብስቤ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ፤ ግን አዛዡ በራሱ ላይ ሲፈርድ የት አገር ታይቷል? ዝም አይነቅዝም አልኩ።

ሰው እንዳያይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀለሙን በቢላ ፋቅኩት፤ ነጩ ብረት እስኪወጣ። የባትሪውንም ማሰሪያ ሥር ፋቅኩ። ፍቅፋቂውን በጨርቅ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩ፤ የተፋቀውን ቦታ እንዳያብለጨልጭ ግራሶ ለቅልቄበት ሬጉላተሩን መልሼ አሰርኩት። የሞተውን ባትሪ አውጥቼ የእኔን አስገባሁ።

"ዝገት ነው" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ምን?" አለ ሰብስቤ።

"ዝገት። ማሽኑ አርጅቷል። ክረምቱን ውጭ ከርሟል፣ ውኃ ገብቶበት ከሥር ዝጓል። ጠርጌዋለሁ።"

"የሰው እጅ የለበትም?"

"ዝናቡን ያዘነበው እግዜር ነው ጓድ። ሌላ እጅ አላየሁም።"

"እግዜርን ከዚህ አውጣው። አስነሳው።"

ቁልፉን አዞርኩ። ባንዴ ተነሳ። መርፌዋ ወደ መሙያው ሄደች፣ መብራቷ ጠፋች። ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ። የገበሬዎቹም ደስታ ስለ ትራክተሩ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይናቸው መጋዘኑ ላይ ነበር። አማረች ተነስታ ቆመች። ሰብስቤ እንኳ ፈገግ አለ። እኔም ሞኙ፣ በቃ፣ አተረፍኩት አልኩ።

"መልካም" አለ ሰብስቤ። "ሰልፉን አሁኑኑ እንለማመዳለን። አሻጥር ከሌለ ሰንበታ ይንዳ።"

"እኔ እነዳዋለሁ" አልኩ ፈጥኜ።

"ገበሬ ነው የሚነዳው። የናዝሬት መካኒክ አይደለም።"

"ጓድ፣ እግሩን አየኸው። ይኼ ትራክተር ፔዳሉ ከባድ ነው፣ እኔ ራሴ በደኅና እግሬ ተነስቼ ነው የምረግጠው። ለነገ ተወው።"

"ንጹሕ ሰው ከሆነ ይነዳል። እምቢ ካለ ግን ልቡ አሁንም ከኛ ጋር አይደለም።"

ወደ ኦቦ ጉተማ ዞርኩ። አንድ ቃል ቢናገሩ ብዬ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሰብስቤን ጠላሁት፤ እሳቸውንም ጠላኋቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩ በሆዴ።

ፈዬራና ሌላ አንድ ሰው ሰንበታን ተሸክመው አመጡት። መሬት ለመርገጥ ሲሞክር ጉልበቱ ከዳው። መቀመጫው ላይ አወጡት። አማረች ነጠላዋን ቀዳ እግሩን ልታስርለት ጎንበስ ስትል፣ "ተይው የኔ ዓለም" አላት። "ጨርቅ ያንሸራትተኛል።" ደሙ ከተረከዙ እየተንጠባጠበ ነበር። ራሱን ዳበስ አድርጋ ዞር አለች።

እኔ መርፌዋን የማሳየው መስዬ ወደ እሱ ወጣሁ። መርፌዋን አየ። በዚያ ሁሉ ስቃይ መሐል፣ ትሞላለች ብሎ ደስ አለው፤ ምላችኋለሁ፣ ደስ አለው።

"ምን ነበር ሶዳ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ቀለሙ። ከሥር።"

"ነግሬው ነበር" አለ። "ይሄ ብረት ለብረት ነው፣ ቀለም አይወድም ብዬ ነግሬው ነበር። ዝም ብለህ ቀባ አለኝ።" ከዚያ ቀና ብሎ ከፊት ለፊቱ ባንዲራ ይዞ የቆመውን ሰብስቤን አየው። ረጅም ጊዜ ነው ያየው።

"ውረድ አንተ!" አለኝ ሰብስቤ። ወረድኩ።

ሰልፉ ተነሳ። ሰብስቤ ባንዲራውን ይዞ ከፊት፣ ትራክተሩ ከኋላው፣ ገበሬው ከትራክተሩ ኋላ። ሰንበታ ክላቹን ሲረግጥ ፊቱ ተጨማደደ፤ ጥርሱን ነክሶ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ትራክተሩ ያለ ምንም መንገጫገጭ ሄደ። እንዲህ ያለ አነዳድ ደኅና እግር ያለው ሰው እንኳ አይችልም። የመጋዘኑ ድንጋይ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ፣ ለበዓሉ ቀን እንግዶቹ የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ፣ ሰብስቤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደ ሰልፉ ዞረ። የግራ ቡጢውን ወደ ላይ አነሳ።

"ቁም!"

ገበሬው ቆመ። ትራክተሩ አልቆመም።

ሰብስቤ መጀመሪያ የተቆጣ ነው የመሰለው። "ቁም ብያለሁ!" አለ። ከዚያ ወደ ጎን ሊዘል ሲል ባንዲራው ከፊት ጎማው ጋር ተጠላለፈበት። የትራክተሩ አፍንጫ ሆዱን አግኝቶ ወደ ግድግዳው ገፋው። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። ትራክተሩ ግድግዳውን አግኝቶም አልቆመም፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን እየቆፈሩ ይገፋሉ፣ ሰብስቤ ከግድግዳውና ከራዲያተሩ መሐል ሆኖ በሁለት እጁ ኮፈኑን ይደበድባል። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ እጆቹ ኮፈኑ ላይ ቀሩ። ሴቶቹ "ዋቃዮ!" እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። ሰንበታ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ፈዬራ ተኮሰ። ደግሞ ተኮሰ። ሰንበታ መሪው ላይ ተደፋ።

የሮጥኩት እኔ ነኝ። ዘልዬ ወጥቼ የናፍጣውን መዝጊያ ሳብኩት። ሞተሩ ሁለቴ ተንጠራርቶ ጠፋ። ሰንበታን ከመሪው አነሳሁት፤ ጭንቅላቱ ደረቴ ላይ ወደቀ፣ ሞቷል። ሁሉም ወደ ሰብስቤ ተረባርቧል። ፈዬራ ጠመንጃውን እንደ ደገነ በቆመበት ቀርቷል።

ያኔ ነው ወደ ታች ያየሁት። ሥራዬ ሆኖ ሳላስበው ነው የማየው። ክላቹ ደም በደም ነው፤ ሲነሳ ረግጦታል። ፍሬኑ ግን ነጭ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም። እግሩን አልዘረጋም። ሊያቆም አልሞከረም።

ገባኝ። ይኼ እኔን ከገባኝ አመሻሽ ላይ ከአውራጃ ለሚመጡት መርማሪዎችም ይገባቸዋል። ያን ጊዜ ሰንበታ እግሩ የከዳው ምስኪን ሹፌር መሆኑ ይቀራል፤ ካድሬ የገደለ ፀረ አብዮት ይሆናል። ቤቱ ይታሸጋል። እህቴ ትታሰራለች፤ ምናልባትም ከዚያ የከፋ። ልጆቹ በረት ውስጥ ያድራሉ።

መዳፌን ውስጥ እግሩ ላይ አሳረፍኩ። ገና ይሞቃል። ፍሬኑን ቀባሁት፤ ከላይ ወደ ታች፣ እግር ረግጦ እንዳንሸራተተው አድርጌ። ደግሜ ቀባሁት። ከዚያ ቀኝ እግሩን አንስቼ ከፍሬኑ በታች አስቀመጥኩት። ቀና ስል ኦቦ ጉተማ ከትራክተሩ ጎን ቆመው ያዩኛል። ሁሉንም አይተዋል። ሽማግሌው ወዲያ ሰብስቤ ወደ ወደቀበት አዩ፣ ወዲህ እኔን አዩ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወጡና ሰንበታን አለበሱት። ሰብስቤን ያለበሰው ሰው አላየሁም።

ከአውራጃ የመጣው መኮንን ቀልደኛ አልነበረም። ፔዳሎቹን ጎንበስ ብሎ አየ። ጋቢውን ገልጦ እግሮቹን አየ። እንደዚያ ያለ እግር ከዚህ በፊትም ያየ ሰው እንደሆነ ከፊቱ አወቅኩ።

"ፍሬኑ ይሠራል?" አለኝ።

"ይሠራል ጓድ። አልሠራ ያለው እግሩ ነው።"

"ረግጦ ነበር?"

እኔ ከመመለሴ በፊት ኦቦ ጉተማ ተናገሩ። "ረግጦ ነበር" አሉ። "እኔ ከጎን ነበርኩ። ረገጠ፣ ደሙ አንሸራተተው። ደግሞ ረገጠ። ጓድ ሰብስቤ አትንዳ ቢሉት ኖሮ..." ብለው ተዉት። ከ"እሺ ጓድ" ሌላ ሲናገሩ የዚያን ዕለት ሰማኋቸው፤ ያን ሁሉ ውሸት ሲዋሹ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በሆዴ የሰደብኳቸውን ሁሉ መለስኩ።

መኮንኑ ወደ ፈዬራ ዞረ። "እግሩን እንዲህ ያደረገው ማነው?"

ፈዬራ አለቀሰ። መኮንኑ አደጋ ነው ብሎ ሄደ። ሰብስቤ በከበሮና በመፈክር ተቀበረ። ትራክተሩን አጥበው ለበዓሉ አሰለፉት፤ ቁልፍ ሲዞር ባንዴ ተነሳ አሉኝ። እኔ ሄጄ አላየሁም። የእህቴ ቤት አልታሸገም።

ሰንበታን የቀበርነው በዝምታ ነው፤ ብዙ ሰው ፈርቶ አልመጣም፣ የመጣውም ቶሎ ሄደ። አማረች አላለቀሰችም። ልጆቿን ስታበላ፣ ስታስተኛ፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ፈራኋት። ቁጣ እኔ አውቃለሁ፤ ይህን ግን አላውቀውም። በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ወንድም ጋሼ፣ ከመሪው ላይ አንተ ነህ ያነሳኸው።"

"እኔ ነኝ።"

"ሰዉ ሁሉ ሊያቆም ሞክሮ ነበር ይላል። ፍሬኑን ረግጦት ነበር?"

ለአውራጃው መኮንን ለመዋሸት አንዲት ቅጽበት አልፈጀብኝም። ለእሷ ግን ምላሴ ተያዘ። የትኛው እንደሚያጽናናት አላወቅኩም። ሰው ሳይገድል የሞተ ባል ይሻላታል ወይስ... እሷ ዓይኔን ታየኛለች። ከልጅነታችን ጀምሮ ስዋሽ ታውቅብኛለች።

"አልረገጠም" አልኳት።

"ጨርሶ?"

"እግሩን ወደዚያ አላስጠጋውም።"

ውጭ ከልጆቹ አንዱ ሌላውን ሲጠራ ይሰማል። ከዚያ እህቴ፣ ቁጣ የማታውቀው ዝምተኛዋ እህቴ፣ በሁለት እጇ ጉልበቷን መታች።

"እሰይ" አለች። "እሰይ የኔ ጌታ።" ማልቀስም ያን ጊዜ ጀመረች።